ሆስፒታሉ ስር ያለው ኳስ ሜዳ እና «ኢትዮጵያን ክላውንስ» የሚባለው ቡድን

ሻው ሰፈር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለቤቱ። ማክሰኞ ማታ ሥራ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ፤ የምታውቁ ደግሞ ጨምሩበት።

ዲሲ ውስጥ መኪና ይዤ ሰው አመላልሳለሁ። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በር ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ጥቁር አሜሪካዊ አነሳሁ። ከዘራ ይዘዋል፤ የድሮ ቡድን ምልክት ያለበት ኮፍያ አድርገዋል። ገና ቀበቶ ሳያስሩ «ይህ ሆስፒታል የቆመበት ቦታ ምን እንደነበረ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት በጆርጂያ አቬኑ ስመላለስ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። «የቤዝቦል ሜዳ ነበር፤ ግሪፊዝ ስታዲየም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ እጄን ይዞ ያመጣኝ ነበር» አሉ።

ቀጥለው ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ከት ብለው ሳቁ። «በእናንተ ስም የሚጠራ ቡድን ነበረን እኮ! ኢትዮጵያን ክላውንስ!»

ክላውን ያው ፊቱን ቀብቶ የሚያስቅ የሰርከስ ሰው ነው። ልሳቅ ወይስ ልናደድ፣ ግራ ገባኝ። ሰውየው ግን ክፋት የላቸውም፤ ሲወርዱም ጉርሻ ጨምረው ነው የወረዱት።

ቤት ገብቼ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስጎረጉር አደርኩ። ቡድኑ እውነትም ነበረ። ስሙን ማን አወጣው? ክብር ነው ስድብ? እዚያ ሜዳ ላይ ይጫወቱ የነበሩትስ እነማን ናቸው? ዓመቱን በፈረንጅ ጻፉልኝ፣ እንዳይምታታብኝ።

ቡና በጨው

ከአዲስ አበባ ነኝ። በዱላ ኳስ ሲመታ ያየሁት የገና ጨዋታ ላይ ብቻ ነው። ቤዝቦል በፊልም ሲመጣ የሚገባኝ ሰዎቹ የሚበሉት ፈንድሻ ነው። ለማንኛውም ፊት ወንበር ይዣለሁ፣ ቀጥሉ።

የካንሳሱ

ሻው፣ ደህና ነገር አነሳህ። እኔ ካንሳስ ሲቲ ነው የምኖረው። የኔግሮ ሊግ ቤዝቦል ሙዚየም እዚሁ ነው፣ 18ኛው እና ቫይን የሚባለው ሰፈር። እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር እዚያ ነው የምወስደው፤ ቤተሰቦቼ ሰልችቷቸዋል። (ኔግሮ የሚለው ቃል ዛሬ አይባልም። ሊጉ ግን በዘመኑ ራሱን የጠራው በዚህ ስለሆነ እንዳለ እተወዋለሁ።)

በመጀመሪያ፣ ጥቁሮች ለብቻቸው የተጫወቱት ወደው አይደለም። በ1884 ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከር የሚባል ጥቁር ለቶሊዶ ከነጮች ጋር በትልቁ ሊግ ተጫውቷል። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሩ ተዘጋ። የተጻፈ ሕግ የለም። የቡድን ባለቤቶቹ በቃል ተስማሙ፣ ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። ዝምታው ስድሳ ዓመት ገደማ ዘለቀ።

የመጀመሪያው ደመወዝተኛ ጥቁር ቡድን የተነሳው በ1885 ነው፤ ኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ካለ አንድ ሆቴል አስተናጋጆች። ስሙን ልብ በል፦ ኩባን ጃያንትስ። ከኩባ የመጣ አንድም ሰው ሳይኖርበት! ነጭ ተመልካች ከአገሩ ጥቁር ይልቅ የውጭ ሰው ይታገሣል ብለው ነው ይባላል። ሜዳ ላይ ስፓኒሽ የሚመስል ነገር ይለፈልፉ ነበር የሚል ወሬም አለ። ስለዚህ የሰው አገር ስም መዋስ በእኛ አልተጀመረም።

ክላውንሶቹ ማያሚ ላይ ነው የተነሱት። «ኢትዮጵያን» የሚለውን ስም የያዙት በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ የጣሊያን ወረራ ወሬ በየጋዜጣው በነበረበት ጊዜ ነው። ጨዋታ እየፈለገ የሚያዞራቸው ሲድ ፖሎክ የሚባል ነጭ ነበር። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ይቀባሉ፤ የሐሰት «አፍሪካዊ» ስም ይሰጣቸዋል። ኤድ ዴቪስ የሚባለው ወርዋሪ ሜዳ ላይ «ፒናትስ ኒያሰስ» ነበር። ፔፐር ባሴት የሚወዛወዝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር ኳስ የሚቀልበው። ሌላም የታወቁበት ነገር አላቸው፤ ኳስ ሳይኖር መጫወት። ወርዋሪው ባዶ እጁን ይወረውራል፣ መቺው ይመታል፣ ሜዳው ሙሉ ይሯሯጣል። ፍጥነታቸው ለጉድ ስለነበር ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ኳስ ያለ ይመስለው ነበር።

ከቀልዱ በኋላ ግን የምር ያሸንፋሉ። በ1941 የዴንቨር ፖስትን ውድድር ወስደዋል። በዘመኑ ይህ ቀላል ዋንጫ አይደለም።

ነገረኛው

ይቅርታ፣ እኔ አልሳቅኩም። አያቶቻችን የመርዝ ጋዝ ሲወርድባቸው እዚህ አንዱ ነጋዴ ስማችንን ወስዶ ሰርከስ ከፈተበት። ይህ ስድብ ነው፣ አለቀ።

ሻው ሰፈር

እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር ያልኩት። ግን ሰውየው የሳቁት እንደ ዘመድ ነው። እሱ ነው ያደናገረኝ።

ጋሽ ታዛቢ

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህን መድረክ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም ነበር። ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ዛሬ ዝም ማለት አቃተኝ።

በዚያ ዘመን ጥቁር አሜሪካዊ «ኢትዮጵያ» ሲል የእኛን አገር ብቻ ማለቱ አይደለም። ራሱንም ማለቱ ነው። በመዝሙረ ዳዊት «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን እነሱም ከአባት ከአያት ይዘውታል። ኒውዮርክ ያለው የአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በ1808 ነው፤ አድዋ ገና 88 ዓመት ይቀረዋል።

1935 ሲመጣ ደግሞ ነገሩ እሳት ሆነ። በሰኔ ወር ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ኒውዮርክ ላይ ሲዘርረው ሃርለም ያበደው ለቦክስ ብቻ አልነበረም። ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የሚባል አብራሪ መጥቶ ለእኛ በረረ፤ ሲመለስም ቺካጎ እንደ ጀግና ተቀበለችው። በየጥቁሩ ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ የአድዋና የመቀሌ ስም ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለ ስም ገበያ ላይ ዋጋ አለው። ነጋዴ ደግሞ ዋጋ ያለውን ነገር ያውቃል።

ስለዚህ አቶ ነገረኛው፣ ግማሽ ልክ ነህ። ስሙ የተከበረ ነበር፤ የተዋሰው ሰው ነው ያዋረደው። ይህን ደግሞ ከእኛ በፊት እነሱ ራሳቸው ተናግረውታል። የፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጠኛው ዌንደል ስሚዝ ቡድኑን በጽሑፉ ወቅሷል፤ ነጮች ጥቁር እንዲህ ነው ብለው ማመን የሚፈልጉትን እያሳያችኋቸው ነው የሚል ነበር ክርክሩ። የሆምስቴድ ግሬይስ ባለቤት ከም ፖዚም አልወደዳቸውም። ክላውንሶቹ በ1943 ወደ ኔግሮ አሜሪካን ሊግ ሲገቡ «ኢትዮጵያን» የሚለው ቃል ወጣ፣ የፊት ቀለሙም ቀረ። ሲንሲናቲ ክላውንስ ተባሉ፤ ኋላም ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ።

ነገረኛው

ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ተቀብያለሁ። «አቶ» ያሉኝን ግን ለቤተሰብ አሳያለሁ።

የካንሳሱ

ጋሽ ታዛቢ እንኳን ጻፉ። አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሊግ እንግዳ ሲመጣበት ስምህን ቀይር የማለት አቅም ያገኘው ከየት ነው? ሩብ ፎስተር የሚባል ሰው ስለነበረ ነው።

ፎስተር የቴክሳስ ልጅ ነው፣ በ1879 የተወለደ። በወጣትነቱ የታወቀ ወርዋሪ፤ ኋላ የቺካጎ አሜሪካን ጃያንትስ ባለቤትም አሰልጣኝም። እንደ ተራራ ግዙፍ ነው። ፒፓውን አፉ ላይ አድርጎ ተቀምጦ በጭሱ ለተጫዋቾቹ ምልክት ይሰጥ ነበር ይባላል። ያስጨነቀው ነገር ገንዘቡ ነው። ጥቁር ቡድን ሜዳ የሚከራየው ከነጭ፣ ጨዋታ የሚያስይዝለት ነጭ ደላላ፤ ትርፉ ሲከፋፈል ለተጫዋቹ ፍርፋሪ ይደርሰዋል። በየካቲት 1920 የቡድን ባለቤቶችን እዚሁ ካንሳስ ሲቲ፣ ፓሴዮ ያለው ወ.ወ.ክ.ማ. ሕንፃ ውስጥ ሰበሰባቸውና ኔግሮ ናሽናል ሊግ ተመሠረተ። ስምንት ቡድን። ሕንፃው ከሙዚየሙ በእግር ይደረሳል።

ከየጨዋታው ገቢ አምስት በመቶ ለእሱ ይገባ ነበር፤ በዚህ ብዙ ታምቷል። የደከመ ቡድን ሲያይ ግን ከራሱ ጎበዝ ተጫዋች ቆርጦ ይሰጥ ነበር፣ ሊጉ እንዲመጣጠን። የዛሬ ባለሀብት ያደርገዋል? በ1926 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ፤ በ1930 እዚያው ሞተ። ለቀብሩ ቺካጎ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። እሱ ከሞተ በኋላ ሊጉም ብዙ አልቆየ።

ቡና በጨው

እና እንዴት ነው ቀጥሎ የኖረው? ደግሞ ያ ጊዜ እኮ አሜሪካ ራሷ የራባት ጊዜ ነው።

የካንሳሱ

ቡና፣ ጥያቄህ ቆንጆ ነው። በሎተሪ!

ፒትስበርግ ላይ ገስ ግሪንሊ የሚባል ሰው ነበር። ሥራው በየሰፈሩ በሳንቲም የሚቆረጥ ሕገወጥ የቁጥር ሎተሪ ነው። ባንክ ለጥቁር ስለማያበድር የሰፈሩ ባንክ እሱ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ገንዘብ ፒትስበርግ ክሮፎርድስን ገነባ፣ በ1932 የራሱን ስታዲየም ከፈተ፣ በ1933 ሊጉን እንደገና አቋቋመ። የዚያ ቡድን ዝርዝር ለማመን ይከብዳል፦ ሳቸል ፔጅ፣ ጆሽ ጊብሰን፣ ኦስካር ቻርልስተን፣ ኩል ፓፓ ቤል፣ ጁዲ ጆንሰን። አምስቱም ዛሬ የቤዝቦል ታላላቆች ስም የሚሰፍርበት የዝና አዳራሽ ውስጥ ናቸው።

ኩል ፓፓ ቤል ሲሮጥ አይታይም ነበር። ፔጅ «ቤል መብራቱን አጥፍቶ ክፍሉ ሳይጨልም አልጋው ውስጥ ይገባል» እያለ ያወራ ነበር። ነገሩ መሠረት አለው፤ አንድ ሆቴል ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያው ተበላሽቶ መብራቱ ዘግይቶ ይጠፋ ነበርና ቤል በዚያ ፔጅን ሸወደው።

በ1937 ደግሞ የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ አምባገነን ትሩሂዮ ዋና ከተማው በራሱ ስም ስለተሰየመ የከተማዋ ቡድን መሸነፍ የለበትም አለ። ዶላር በትኖ ፔጅን፣ ጊብሰንን፣ ቤልን ወሰዳቸው። ወታደር ከብቧቸው ተጫወቱ፣ አሸነፉ፣ ሹልክ ብለው ወጡ። ክሮፎርድስ ከዚያ በኋላ አላገገመም፤ ስታዲየሙም በ1938 ፈረሰ።

ነርሷ

የእኛ ሰፈር ሰው ሳትጠቅሱ ልታልፉ ነው? እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነኝ።

ሜሚ ጆንሰን የምትባል የዲሲ ልጅ ነበረች። ወርዋሪ ናት። ወጣት ሳለች ለሴቶች ቤዝቦል ሊግ ልትፈተን እዚሁ አሌክሳንድሪያ መጣች፤ ጥቁር ስለሆነች ሜዳውን እንኳ ሳትረግጥ መለሷት። በ1953 ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ወሰዳት፣ ሻው ያነሳው ቡድን ማለት ነው። ከወንዶች ጋር፣ ለወንዶች እየወረወረች። አንዱ መቺ «ይቺ እንደ ኦቾሎኒ ያነሰች» ብሎ ሲያሾፍባት በሦስት ኳስ አስወጣችው። ከዚያ ቅጽል ስሟ «ፒናት» ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ክላውንስ ውስጥ ቶኒ ስቶንም ነበረች፣ ቀጥሎ ኮኒ ሞርጋን መጣች።

ሜሚ ኳሱን ካቆመች በኋላ ምን ሆነች መሰላችሁ? ነርስ። ሠላሳ ዓመት ያህል በነርስነት ሠራች። የሞተችው በ2017 ነው። አብሬያት የመሥራት ዕድል የነበረው ሰው ላይ ቀንቻለሁ።

ሻው ሰፈር

ነርሷ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥሽ።

አባ ቁጥር

ስሜቱ ጥሩ ነው፣ እኔ ወደ ቁጥሩ ልሂድ።

በታኅሣሥ 2020 ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁር ሊጎች «ሜጀር ሊግ ነበሩ» ብሎ ተቀበለ። በግንቦት 2024 የተጫዋቾቹ አሃዝ ከዋናው መዝገብ ጋር ተቀላቀለ። በአንድ ሌሊት የነጮቹ ሊግ ኮከብ የታይ ኮብ ስም ወርዶ የጆሽ ጊብሰን ስም አናት ላይ ወጣ። ቡና በጨው እንዲገባው፦ መቺው ከሺህ ሙከራ ስንቱን በደህና መታ ነው ቁጥሩ። ኮብ 367፣ ጊብሰን 372። 300 የደረሰ ሰው ጎበዝ ይባላል። ጊብሰን በ1943 የመታው 466 የአንድ የውድድር ዓመት ትልቁ ሆነ።

አሁን ጥያቄዬ። የነጮቹ ሊግ በዓመት 154 ጨዋታ ነበረው። የጥቁሮቹ የሊግ ጨዋታ የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። በአጭር ዓመት ትልቅ ቁጥር ማምጣት ይቀላል። ማወዳደሩ ልክ ነው?

ነገረኛው

አባ ቁጥር ሠርግ ቤት ገብቶ ሥጋውን የሚመዝን ሰው ነው።

አባ ቁጥር

እመዝናለሁ! ለእነሱ ክብር ስል ነው የምመዝነው። የጊብሰን የዝና አዳራሽ ሰሌዳ «ወደ 800 የሚጠጋ ሆም ረን» ይላል፤ ሆም ረን ማለት ኳሱን መትቶ ከሜዳ ማስወጣት ነው። በሊግ ጨዋታ የተረጋገጠው ከ200 በታች ነው። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ?

የካንሳሱ

አባ ቁጥር፣ ይታረቃሉ። ሰሌዳው ራሱ «በሊግና ከሊግ ውጭ» ነው የሚለው። እነዚህ ሰዎች ከሊግ ጨዋታው ሦስት እጥፍ የሚሆን ሌላ ጨዋታ ነበራቸው። ዛሬ አንድ የብረት ፋብሪካ ቡድን፣ ነገ የገጠር ከተማ ቡድን፣ ከነገ ወዲያ ከነጭ ኮከቦች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ። በአንድ ቀን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት። ደመወዙ የሚወጣው ከዚያ ነው። ያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የጨዋታው ቁጥር ማነስ የእነሱ ስንፍና አይደለም፤ ሊጉ ብቻውን አያበላም።

የእኛው ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ በ1930 መብራት በመኪና ጭኖ መዞር ጀመረ። ምሰሶው ተጣጥፎ መኪና ላይ ይጫናል፣ ጄነሬተሩ እያጓራ አብሮ ይሄዳል። ሠራተኛ ቀን ሥራ ላይ ነው፣ ማታ ይመጣል፣ ትኬት ይቆርጣል። ሜጀር ሊግ በመብራት የተጫወተው በ1935 ነው፤ አምስት ዓመት ዘግይቶ።

ጊብሰንና ፔጅን በአንድ ላይ ማየት የፈለገ የ1942ን የጥቁሮቹን የዓለም ሲሪስ (የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገጥሙበትን) ያንብብ። ፔጅ ያኔ ሞናርክስ፣ ጊብሰን ግሬይስ። የሞናርክሱ ባክ ኦኒል እስኪሞት ድረስ ደጋግሞ የሚያወራው ታሪክ ነው፦ ፔጅ ሆን ብሎ መቺዎች አሳልፎ ሦስቱን ቤዝ (ሯጮች የሚቆሙባቸውን ማዕዘኖች) ሞላ፣ ጊብሰን ተራው እንዲደርስ። ከዚያ ኳሱ በየት በኩል እንደሚመጣ እየነገረው ሦስት ጊዜ አሳለፈበት። ጊብሰን ዱላውን ከትከሻው አላወረደም። ኦኒል ሲተርክ ትንሽ ቅመም ሳይጨምር አልቀረም። ሞናርክስ ግን ሲሪሱን አራት ጨዋታ ለዜሮ አሸነፈ፣ እሱ የተመዘገበ ነው።

ቡና በጨው

ይህን ከሰማሁ ቤዝቦል ልወድ ነው መሰለኝ። ደግሞ ጊብሰን ምን ሆነ?

ሻው ሰፈር

እሱን እኔ ልመልስ፣ ሰሞኑን ሳነብ ያሳዘነኝ እሱ ነው። ግሬይስ መነሻቸው ፒትስበርግ አጠገብ ያለች የብረት ፋብሪካ ከተማ ናት። ከ1940 ጀምሮ ግን ብዙ ጨዋታቸውን እዚህ ዲሲ፣ ግሪፊዝ ላይ አደረጉ። ጊብሰን የሚመታው ከዚያ ሜዳ ነው። የሜዳው ባለቤት ክላርክ ግሪፊዝ ደግሞ የነጮቹ ቡድን የሴናተርስም ባለቤት ነው። ሴናተርስ እየተሸነፈ፣ ግሬይስ በዚያው ሜዳ ዋንጫ እየወሰደ። ሰውየው ጊብሰንን ቢያስፈርም ቡድኑ ይነሳ ነበር። አላስፈረመም። ከግሬይስ የሚያገኘው ኪራይ ጣፍጦታል። ሴናተርስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች፣ ኩባዊውን ካርሎስ ፓውላን፣ ያሰለፈው በ1954 ነው።

ጊብሰን የሞተው በጥር 1947 ነው፣ በ35 ዓመቱ። የተዘጋውን በር የከፈተው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ሜጀር ሊግ፣ ብሩክሊን ቡድን የገባው በሚያዝያ። ሦስት ወር! መቃብሩ እስከ 1975 ድረስ ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። ዛሬ ናሽናልስ ፓርክ፣ የአሁኑ የዲሲ ቡድን ሜዳ፣ ሐውልት ቆሞለታል። ሰው ወደዚያ ስወስድ በሐውልቱ አጠገብ ስንቴ አልፌያለሁ።

ነገረኛው

እሺ፣ ሮቢንሰን ገባ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሁሉም ደስ አለው። ታዲያ ሊጉ ለምን ሞተ?

ጋሽ ታዛቢ

በሩ ስለተከፈተ ነዋ ልጄ። የተከፈተው ለተጫዋቾቹ ብቻ ነው። ለባለቤቶቹ፣ ለአሰልጣኞቹ፣ ለትኬት ቆራጩ አልተከፈተም።

የካንሳሱ

ጋሼ ነጥቡን መቱት። ሮቢንሰን በ1945 የሞናርክስ ተጫዋች ነበር። የብሩክሊኑ ብራንች ሪኪ ሲወስደው ለሞናርክስ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ደህና ውል የላችሁም አላቸው። አቤት ቢሉ «ለጥቁሩ መንገድ የዘጉ» ሊባሉ ነው። ዝም አሉ።

ዝም ያላለችው ኤፋ ማንሊ ናት። ከባሏ ጋር የኒውአርክ ኢግልስ ባለቤት። ከኳሱ በፊት ሃርለም ላይ ጥቁር በማይቀጥሩ ሱቆች ላይ የዕቃ መግዛት ማቆም አድማ የመራች ሴት ናት። ዶን ኒውከምን ብሩክሊን በነጻ ሲወስድባት ተቃጠለች። በ1947 ክሊቭላንድ ላሪ ዶቢን ሲጠይቅ ግን ገንዘብ ቁጠሩ አለች። ነጭ ቢሆን 100 ሺህ ዶላር እንደምትከፍልበት እኔም አንተም እናውቃለን ብላ ለባለቤቱ ነገረችው። 15 ሺህ ተከፈላት። ትንሽ ነው፣ ግን ተከፈለ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹም መጠየቅ ቻሉ። የቤዝቦል ዝና አዳራሽ ውስጥ ያለችው ብቸኛ ሴት እሷ ናት፣ ከ2006 ጀምሮ።

አባ ቁጥር ቁጥር ይወዳል። የኢግልስ ተመልካች በ1946፣ ዋንጫ በወሰዱበት ዓመት፣ ወደ 120 ሺህ ነበር። በ1947 ወደ 57 ሺህ ወረደ። ቡድኑ አልደከመም። ሕዝቡ ባቡር ተሳፍሮ ሮቢንሰንን ሊያይ ሄደ።

አባ ቁጥር

ይህኛው ቁጥር አያከራክርም። ተቀብያለሁ።

ነገረኛው

እኔ ብሆንም ሮቢንሰንን ላይ እሄድ ነበር። እውነቴን ነው።

ጋሽ ታዛቢ

ሁላችንም እንሄድ ነበር።

ነርሷ

እዚህ ላይ የሃንክ አሮን ታሪክ ትዝ አለኝ። በ1952 ገና 18 ዓመቱ ሆኖ ለኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ነበር የሚጫወተው፣ በወር 200 ዶላር። የኋላው የሆም ረን ንጉሥ ማለት ነው። ዲሲ መጡ። ዝናብ ሆነና ግሪፊዝ ስታዲየም ጀርባ ያለ ምግብ ቤት ገብተው ቁርስ በሉ። በልተው እንደጨረሱ ከወጥ ቤቱ የሳህን መሰባበር ድምፅ ሰሙ። የበሉበትን ሳህን ነው የሚሰብሩት፣ ነጭ እንዳይበላበት። አሮን ይህን ራሱ ነው የተናገረው። ውሻ ቢበላበት እንኳ አጥበው ይጠቀሙበት ነበር አለ።

ቡና በጨው

…

ሻው ሰፈር

ቆይ። ስታዲየሙ ጀርባ? እኔ ማታ ማታ ሽሮ የምበላው ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ነው። 9ኛው መንገድና ዩ ስትሪት አካባቢ ግማሹ የእኛ ምግብ ቤት ነው። በአንድ ትሪ አምስት ሰው የሚበላበት።

እሁድ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ እሄዳለሁ። ሆም ፕሌቱ፣ መቺው አጠገቡ የሚቆመው ሰሌዳ፣ የነበረበት ቦታ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት አለው ይላሉ።

ሻው ሰፈር (እሁድ ከሰዓት)

ሄድኩ። መረጃ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ የእኛው ሆና ተገኘች። ስጠይቃት «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ፤ ጠያቂው ብዙ ሽማግሌ ነው መሰለኝ። መተላለፊያው ላይ ነው፤ ወለሉ ላይ ሆም ፕሌቱ፣ ከግራና ከቀኝ መቺው የሚቆምበት። ሰው እየረገጠው ያልፋል። አንዷ እናት ልጅ በጋሪ ይዛ አለፈችበት። እኔ በጎን ዞሬ ቆምኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መርገጥ ደበረኝ።

ከዚያ ጊብሰን ቆሞ ያያቸው የነበሩትን ነገሮች በግምት ለማየት ሞከርኩ። ፊት ለፊቴ ግድግዳ ነው። የክትባት ማስታወቂያ ተለጥፎበታል።

የካንሳሱ

የእኛ ሙዚየም ውስጥ ሜዳ አለ፣ የነሐስ ሐውልቶች በየቦታቸው ቆመውበት፣ ልክ ጨዋታ ላይ እንዳሉ። ስትገባ በሽቦ አጥር በኩል ታየዋለህ እንጂ መግባት አትችልም። ሙሉውን ታሪክ አንብበህ ዞረህ ስትጨርስ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስገቡህ። ባክ ኦኒል ሐውልቱ አጥሩ ጋ ቆሞ ያያል፣ አሰልጣኝ ስለነበረ። ሰውየው በ2006 በአንድ ድምፅ ጎድሎት ዝና አዳራሽ ሳይገባ ቀረ፤ በዚያው ዓመት 17 የጥቁር ቤዝቦል ሰዎች ሲገቡ ግን ሄዶ ስለ እነሱ ንግግር አደረገ፣ ሕዝቡንም እጅ ለእጅ አያይዞ አዘመረ። በዚያው ዓመት ሞተ። እሱን ያስገቡት በ2022 ነው። ሻው፣ ወደዚህ ስትመጣ አልጋም ምግብም አለ።

ሻው ሰፈር

እመጣለሁ። አንድ ነገር ግን እየቆጨኝ ነው። የሰውየው ኮፍያ ላይ የነበረው ምልክት የየትኛው ቡድን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

የካንሳሱ

ምን ፊደል ነበረው?

ሻው ሰፈር

ጨልሞ ነበር። መንገዱን ነበር የማየው።